ጎኗን የማትመርጥ ጠመንጃ

ግራኝ ነኝ። የምጽፈው በግራ፣ የምወረውረው በግራ ነው። ጠመንጃም ሳነሳ ሳላስበው ወደ ግራ ትከሻዬ ነው የሚሄደው። ምንሽር ያየ ሰው ችግሬ ወዲያው ይገባዋል። የመሳቢያው እጀታ ያለው በቀኝ ጎን ነው። እኔ አንድ ጥይት በተኮስኩ ቁጥር ወይ ጠመንጃውን ከትከሻዬ አወርዳለሁ፣ ወይ ግራ እጄን በላዩ አሻግሬ እጀታውን እፈልጋለሁ። ሁለተኛ ጥይት እስካጎርስ አውሬው የለም። ለዓመታት እንዲህ አደንኩ። በቀኝ መተኮስ ልማር ብዬም ሞክሬአለሁ። ቀኝ ዓይኔ እሺ አላለኝም።

አንድ ቀን ተኩስ መለማመጃ ቦታ ላይ ጓደኛዬ ባለ ሊቨር ጠመንጃውን አቀበለኝ። «እስቲ ሞክራት» አለኝ። አንድ ተኮስኩ። ጣቶቼ ቀለበቱ ውስጥ እንዳሉ ወደ ታች ገፋሁ፣ መልሼ ሳብኩ። ሌላ ተኮስኩ። ሰደፏ ከጉንጬ አልተነሳም። ዓይኔም ከዒላማው አልተላቀቀም። ቀኝ ሆነ ግራ ለእሷ ያው ነው። ስድስት ጥይት ጨርሼ ስመልስለት እጄ አልለቅ አለ።

አሠራሯን ላላዩ ልግለጽ። ከቃታው ስር ጣቶች የሚገቡበት የብረት ቀለበት አለ። ሊቨሩ እሱ ነው። ወደ ታችና ወደ ፊት ሲገፋ መዝጊያው ብረት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ባዶው ቀለህ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ መዶሻው ተነስቶ ይቀመጣል። ሊቨሩ ሲመለስ አዲሱ ጥይት ይጎርሳል፣ መዝጊያውም ከኋላው በሚነሳ ብረት ይቆለፋል። ጥይቶቹ ከበርሜሉ ስር ባለ ቱቦ ውስጥ በሰልፍ ተኝተዋል። አንዱ ሲወጣ ሞላው ቀጣዩን ወደ ኋላ ይገፋዋል። «ማቀባበል» የሚለው ቃላችን ለዚህ ጠመንጃ የተፈጠረ ይመስለኛል። ቱቦው ለማንሻው፣ ማንሻው ለመዝጊያው፣ መዝጊያው ለበርሜሉ ያቀብላል። ሁሉም በአንድ የእጅ እንቅስቃሴ ያልቃል።

ሐሳቡ አሜሪካዊ ነው፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። በ1860 እ.ኤ.አ. ቤንጃሚን ታይለር ሄንሪ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ጠመንጃ ቱቦው ውስጥ 16 ጥይት ይይዝ ነበር። ያኔ አብዛኛው ወታደር ከአፈሙዝ ባሩድና አረር እየጠቀጠቀ አንድ በአንድ ነበር የሚተኩሰው። የሄንሪ ጠመንጃ ግን ጉድለት ነበረበት። ጥይት የሚሞላው ከቱቦው ፊት ነው፤ ቱቦውም ለቆሻሻ ክፍት ነበር። በ1866 የወጣው ዊንቸስተር ጎኑ ላይ ትንሽ በር አበጀለት። ጥይቱን በአውራ ጣት ወደ ውስጥ መግፋት ብቻ ነው። ይህች በር ዛሬም አለች። በሩ በቀኝ በኩል መሆኑ ለግራኝ እንደውም ይመቻል። ግራ እጄ ሰደፉን እንደያዘ በነፃው ቀኝ እጄ እሞላለሁ። በጠመንጃ ዓለም ውስጥ እንዲህ ያለ ዕድል ለእኛ ብዙ አይገጥመንም።

ከዚያ ጆን ብራውኒንግ መጣ። የ1886፣ የ1892፣ የ1894 እና የ1895ቱን ዊንቸስተሮች የነደፈው እሱ ነው። የ1894ቱ ሞዴል ከ7 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። .30-30 የሚባለው ጥይት የተዋወቀውም በእሱ ነው፣ በ1895። ጭስ በማያወጣ ባሩድ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የአደን ጥይቶች አንዱ ነው። ይህ ሁሉ ዘመን አልፎ አሁንም ሰው አጋዘን የሚያድንበት መሆኑ ያስደንቀኛል።

የእኔዋ ዊንቸስተር አይደለችም። ማርሊን 336 ናት። ይህ ሞዴል በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን ዘሩ ወደ 1893ቱ ማርሊን ይመለሳል። በ.30-30 የምትተኩስ ስድስት ጎራሽ ናት። በርሜሏ 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ ከ3 ኪሎ ትንሽ ያልፋል። የጥንቱ ዊንቸስተር ባዶ ቀለሁን ወደ ላይ ነው የሚተፋው። ማርሊን በጎን ታወጣለች፤ አናቷ ድፍን ብረት ነው። በዚህ ምክንያት አቅርቦ የሚያሳይ የማነጣጠሪያ መነጽር ሊገጠምባት ይችላል። የገዛኋትም ከሌላ አዳኝ እጅ፣ አናቷ ላይ ትልቅ መነጽር ተሸክማ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግኩት ያንን መነጽር መፍታት ነው። ብዙ ሰው አይስማማኝም። ግን ባለ ሊቨር ጠመንጃን ተሸክሞ ጫካ የሄደ ሰው የምለው ይገባዋል። ጎኗ ጠፍጣፋ ነው። እጀታ የላት፣ የሚወጣ ካዝና የላት። ልክ ሚዛኗ ላይ፣ ከሊቨሩ ፊት፣ በአንድ እጅ ጨብጠህ ቀኑን ሙሉ ትሄዳለህ። መነጽሩ ሲጫን ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣል። ጠመንጃዋ እጅ ውስጥ መዞር ትጀምራለች። ከቁጥቋጦ ጋር ትያያዛለች። መዶሻውም ከመነጽሩ ስር ይደበቅና አውራ ጣት በደንብ አያገኘውም። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በመነጽሩ ቦታ ባለ ቀዳዳ ማነጣጠሪያ አስገባሁ። አናቷ ላይ የነበሩት የብሎን ቀዳዳዎች በቂ ነበሩ፤ አዲስ ቀዳዳ አልተበሳም። ከዓይን አጠገብ ትንሽ የብረት ቀለበት አለ። በእሱ ውስጥ አሻግረህ የፊት ማነጣጠሪያውን ታያለህ። ቀለበቱን ማየት አያስፈልግም። ዓይን ራሱ መሃሉን ይፈልጋል። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ቀለበቱን ሊያስተካክል ይታገላል። ተወው። የፊቱን ምልክት ብቻ ጥርት አድርገህ እይ፣ የምትመታው ቦታ ላይ አስቀምጥ፣ ሌላውን ዓይንህ ይሠራዋል። ሲመሽና ሲነጋ በብርሃን እጥረት እንዳልቸገር ትንሿን ቀዳዳ አውጥቼ ሰፊውን ቀለበት ብቻ ነው የምጠቀመው። ከገጠምኩ በኋላ ጥይቱ ከፍ ብሎ መምታት ጀመረ። መፍትሔው ረዘም ያለ የፊት ማነጣጠሪያ ነው። ፊቱ ሲረዝም አፈሙዙ ዝቅ ይላል፣ ጥይቱም አብሮ ይወርዳል።

ስለ ሰደፏ ስጽፍ ግን አሁንም ይከፋኛል።

ዋልነት እንጨት ነው። ስገዛት ላዩ ተጫጭሯል፣ ቀለሙ ጠቁሯል። አንድ ቅዳሜ በብርጭቆ ወረቀት ጀመርኩ። በመጀመሪያ ሻካራውን፣ ከዚያ ለስላሳውን። እንጨቱ ከስር ሲገለጥ ቀይ ቡናማ ሆኖ አማረ። ደስ አለኝ። ማታ ላይ ግን የፊት እንጨቷን ስይዝ የሆነ ነገር እንደጎደለ ገባኝ። ከስር በኩል አንዲት ለስላሳ ጎድጓዳ ቦታ ነበረች። የቀድሞው ባለቤት መዳፍ ለብዙ ዓመታት ያረፈበት ቦታ ነው። ስገዛት እጄ ፈልጎ እዚያች ላይ ነበር የሚያርፈው። አስተካከልኩ ብዬ ደልድዬ አጥፍቻታለሁ። እንጨት መልሼ አልጨምርበትም። የሌላ ሰው ሃያ ወይም ሠላሳ የአደን ወቅት በአንድ ከሰዓት አቧራ ሆነ። አሮጌ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ብርጭቆ ወረቀት ከማንሳትህ በፊት አንድ ወቅት ሙሉ ተሸከማት። የትኛው ጭረት ጉዳት፣ የትኛው የእጅ ሥራ እንደሆነ እጅህ ይነግርሃል።

ከዚያ በኋላ ያለውን በትዕግስት ነው የሠራሁት። የተቀቀለ የተልባ ዘይት። ጥቂት ጠብታ በመዳፍ ላይ አድርጎ እንጨቱ እስኪሞቅ ማሸት፣ የተረፈውን መጥረግ፣ ማድረቅ። የድሮ ሰዎች ቀመር አላቸው፦ ለሳምንት በየቀኑ፣ ለወር በየሳምንቱ፣ ለዓመት በየወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ እስከ ዕድሜ ልክ። እንደተባለው አደረግኩ። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተተወ በራሱ ጊዜ ሙቀት ፈጥሮ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት። ሊቨሩንም በቀጭን የቆዳ ጠፍር ጠቀለልኩት። በብርድ ጠዋት ባዶ ብረት ጣት ያሳምማል፤ ደጋግመህ ስታቀባብልም የጣቶችህን ጀርባ ይልጣል። ሰፊ ቀለበት ያለውን ሊቨርም ሰው ይወደዋል። ወፍራም ጓንት ለሚያደርግ ይጠቅማል። እኔ ትንሹ ይበቃኛል። እጄ ውስጡ ሳይንቀሳቀስ ይገባል።

ሁለተኛው ስህተቴ ከመጀመሪያው የባሰ አደገኛ ነበር። ቃታዋ ከባድ መሰለኝ። የመዶሻው ሞላ ቢለዝብ ቃታውም ሊቨሩም እንደሚቀሉ አንብቤ ነበር፤ እውነትም ነው። ጠመንጃዋን በሞርሳ ይዤ፣ ብሎኑን በካቻቢቴ ፈትቼ ሞላውን አወጣሁ። ከጫፉ አንድ ዙር ተኩል ያህል ቆረጥኩለት። ቤት ውስጥ ስሞክረው ቅቤ ሆነ። ልምምድ ላይም ሃያ ጥይት ያለ ችግር ተኮስኩ።

አደን ወጣሁ። ብርዱ ከባድ ነበር። ጎህ ሲቀድ አንድ ወንድ አጋዘን ከዛፎቹ ወጥቶ በሰባ እርምጃ ላይ ቆመ። ጎኑን ሰጠኝ። ምልክቱን ከትከሻው ኋላ አስቀምጬ ቃታውን ሳብኩ። ቀጭ። ሌላ ነገር የለም። አጋዘኑ ጆሮውን አዞረ። እኔ ባለሁበት ቀረሁ፤ አፈሙዙን ከዚያው አላነሳሁም። ያልፈነዳ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ስለሚችል ቶሎ መክፈት አይገባም። በሆዴ እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ። አጋዘኑ በአስራ አምስተኛው ላይ ሄዷል። ጥይቱን አውጥቼ ግርጌውን ሳየው፣ መዶሻው ሲመታው ጥይቱን የሚወጋው መርፌ ዳሰስ ብቻ ነው ያደረገው። የላላ ሞላ፣ በብርድ የወፈረ ዘይት፣ ሁለቱ ተደምረው መዶሻውን አዳከሙት።

ጠመንጃዋን ወደ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ወሰድኳት። አዲስ ሞላ አስገቡና የቆረጥኩትን አሮጌውን እጄ ላይ አስቀመጡት። «ልጄ፣ ሞላ ጉልበቱን የሚሰጠው ለቃታ አይደለም፣ ለመርፌ ነው» አሉኝ። ቃታውን የሚያለሰልሰው የሚፋተጉት ሁለት ገጾች ንጽህና እንደሆነ አሳዩኝ። ያውም ማዕዘኑ በፀጉር ልክ እንኳ ከተነካ መዶሻው ሳይነካ ሊወድቅ ይችላል። ይህ ለእኔ ዓይነት ሰው የሚተው ሥራ አይደለም። አሁን የምሠራውንና የማልሠራውን ለይቻለሁ። እንጨት፣ ቆዳ፣ ማነጣጠሪያ፣ ጽዳት የእኔ ናቸው። ቃታና መዶሻ ውስጥ ያለው ሁሉ የባለሙያ ነው።

የመዶሻውን ነገር እመለስበታለሁ ብያለሁ። የእኔዋ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጣው በጎን የሚገፋ መቆለፊያ የላትም። ያላት መዶሻው ግማሽ መንገድ ላይ የሚያዝበት ጥርስ ነው። ጥይት ጎርሳ ሳትተኮስ ስትቀር መዶሻውን በአውራ ጣትህ አጥብቀህ ይዘህ፣ ቃታውን ስበህ፣ ቀስ ብለህ ታወርደዋለህ። ልክ ማለፍ ሲጀምር ቃታውን ለቀቅ ታደርግና ግማሹ ላይ ይቆማል። ጣት በብርድ ሲደነዝዝ፣ ጓንት ሲያንሸራትት ይህ አደገኛ ቅጽበት ነው። አፈሙዙ ሁልጊዜ ወደ መሬት፣ ሰው ወደሌለበት ይሁን። ቤት ውስጥ ባዶ ጠመንጃ ይዤ መቶ ጊዜ ተለማምጄዋለሁ። ባዶ ስል ደግሞ ሊቨሩን ከፍቼ በትንሽ ጣቴ ዳስሼ ያረጋገጥኩትን ማለቴ ነው። ቱቦ የሚያታልልበት ጊዜ አለ። አንድ ጥይት ውስጡ ተይዛ ዘግይታ ልትመጣ ትችላለች። ስድስት ከሞላሁ ስድስት መውጣቱን እቆጥራለሁ።

ቱቦው ሌላም ጣጣ አለው። ጥይቶቹ በሰልፍ ስለሚተኙ የኋለኛው አፍንጫ የፊተኛውን ግርጌ ይነካል። ግርጌው መሃል ባሩዱን የሚለኩሰው ነገር አለ። አፍንጫው ሹል ከሆነና ጠመንጃዋ ስትተኩስ ከተንደረደረ ቱቦው ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። የ.30-30 ጥይት አፍንጫው ጠፍጣፋ ወይም ድቡልቡል የሆነው ለዚህ ነው። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ጫፋቸው ከለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራ ሹል ጥይቶችም መጡ። ለቱቦ ታስቦ ካልተሠራ በስተቀር ሹል ጥይት እዚህ ውስጥ አይገባም።

ጠፍጣፋ አፍንጫ አየርን ክፉኛ ይጋፋል። የምወደው ጥይት 11 ግራም ይመዝናል፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 670 ሜትር ገደማ ይሄዳል። የ.270 ዊንቸስተር ጥይት ከ900 በላይ ይሄዳል። ልዩነቱ ሩቅ ላይ ይታያል። በ100 ሜትር አስተካክዬ 150 ላይ ስተኩስ ወደ አራት ጣት ይወርዳል። 200 ላይ ከአንድ ስንዝር በላይ ይወድቃል። ስለዚህ ወሰኔን 120 ሜትር አድርጌአለሁ። ያውም ተደግፌ ከሆነ ነው። ቆሜ ከሆነ ሰባ።

ልምምዴም በዚህ ተቀየረ። ድሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ፣ አሸዋ ከረጢት ላይ ጠመንጃ አስደግፌ የጥይት ቀዳዳዎችን በሚሊ ሜትር እለካ ነበር። ማርሊኗ ለዚያ አልተሠራችም። ቱቦውም የፊት እንጨቱም በርሜሉ ላይ ነው የታሰሩት። በርሜሉ ሲሞቅ ይጎትቱታል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥይቶች በ100 ሜትር መዳፍ በማይሞላ ቦታ ይገባሉ፤ ከአምስተኛው በኋላ መሰላል መውጣት ይጀምራሉ። የፊት እንጨቷ በርሜሉን አጥብቆ የሚነካበትን ቦታ በጥቂቱ ስፍቄ ትንሽ ተሻለች። ግን የመጀመሪያዋን ጥይት ነው የማስበው፣ በቀዝቃዛ በርሜል የምትወጣዋን። አሁን የምለማመደው ቆሜ ነው። ጠመንጃዋን እንደተሸከምኩ እጀምራለሁ። አነሳለሁ፣ በማነሳበት ጊዜ መዶሻውን በአውራ ጣቴ እስባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ውጤቱን ሳልጠብቅ አቀባብላለሁ። ሊቨሩ በሙሉ ኃይል መሠራት አለበት። እየፈራ የሚገፋው ሰው ነው ጥይት የሚያስነክሰው። እስከ መጨረሻው ገፍቶ፣ እስከ መጨረሻው መመለስ ነው።

ጽዳቷም ደስ ትላለች። የሊቨሩን አንድ ብሎን ስትፈታ ሊቨሩ ይወጣል፣ መዝጊያው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ትንሿ ቀለህ አስወጪ ብረት እንዳትጠፋ መያዝ ነው። በርሜሉን ከኋላ ወደ ፊት መወልወል ትችላለህ። በብዙ ባለ ሊቨሮች ከአፈሙዝ በኩል ነው የሚወለወለው፤ መወልወያው አፉን እየፋቀ ይጎዳዋል። ጥይት ለመጨረሻ ጊዜ በርሜሉን የሚነካው እዚያ ነው። እዚያች ቦታ ላይ ያለ ትንሽ ጉዳት አነጣጥሮውን ሁሉ ያበላሻል።

ከሞላው ታሪክ በኋላ በነበረው ወቅት እዚያው ሸንተረር ተመለስኩ። በመጀመሪያው ቀን ትልቅ አጋዘን በሸለቆው ማዶ አየሁ። ከ200 ሜትር ያልፋል። ድሮ በባለ መነጽሩ ጠመንጃ ተጋድሜ እተኩስ ነበር። አሁን ንፋሱን አየሁ። ወደ እኔ ይነፍስ ነበር። ጫማዬን እያየሁ ወደ ሸለቆው ወረድኩ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ወሰደብኝ። ደረቅ ቅጠል ባለበት ቦታ አጋዘኑ ሲግጥ እራመዳለሁ፣ ራሱን ሲያነሳ እቆማለሁ። ዘጠና እርምጃ ያህል ሲቀረኝ አንዲት ሴት አጋዘን ያልጠበቅኳት ቦታ ላይ ተነሳች። ሁለቱም ሄዱ። ሴቷ ተኝታበት የነበረውን ሣር ዳሰስኩ። ሞቃት ነበር። በዚህ ሁሉ ዓመት የአጋዘን መኝታ በእጄ ስዳስስ የመጀመሪያዬ ነው።

በአራተኛው ቀን፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ አንዱ በስልሳ እርምጃ ላይ ከጫካው ጠርዝ ወጣ። ጠመንጃዋ ስትነሳ አውራ ጣቴ መዶሻውን ይዞት ነበር። ምልክቱ ቀለበቱ ውስጥ ጥርት ብሎ ቆመ። ተኮስኩ። አጋዘኑ ጥቂት ሮጦ ወደቀ። ማቀባበሌን ያወቅኩት ሁለተኛዋ ጥይት ጎርሳ፣ ጠመንጃዋ አሁንም ትከሻዬ ላይ እንዳለች ነው። መዶሻውን ቀስ ብዬ ግማሹ ላይ አወረድኩ። ጠብቄ ቀረብኩ፤ አንዲቷ ጥይት በቅታው ነበር። ከዚያ ወደቆምኩበት ተመልሼ እርጥብ ሣሩ ውስጥ በቀኜ በኩል ቀለሁን ፈለግኩ። ሳገኘው ገና ትኩስ መስሎኝ ነበር፤ ቀዝቅዟል። ግርጌውን ገልብጬ አየሁት። የመርፌው ምት ጥልቅ ነው፣ ልክ መሃሉ ላይ። ኪሴ ከተትኩትና ጠመንጃዋን ሚዛኗ ላይ ጨብጬ ቢላዬን ለማውጣት ወደ አጋዘኑ ተመለስኩ።